አንድ ልጅ ሁለቴ አትዳርም

አማቴ ገና ሳይቀበሩ ለልጃቸው ባል ተገኘላት። ወሬውን የሰማሁት ከወጥ ቤት ወጥቼ የተላጠ ሽንኩርት የሞላ ባልዲ ላነሣ ጎንበስ ስል ነው። ሳሎናችን ሶፋውም ቴሌቪዥኑም ወጥቶለት ባዶ ሆኗል፤ መሀሉ ላይ አማቴ በሣጥን ተጋድመዋል፤ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ዙሪያውን ተቀምጠው በየተራ ያለቅሳሉ። የባሌ አክስት ቲዮዶር ራስጌው ጋ ተደላድለው፣ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ለጎናቸው ሴት ያንሾካሹካሉ። አንቱ የሚያስብላቸው ዕድሜያቸው ነው እንጂ ለምላሳቸውስ አንቺም ይበዛበታል። እሳቸው ሲያንሾካሹኩ ደግሞ ሜዳን ከተማ ውስጥ የማይሰማ የለም። «ምስኪን፣ ምን በደለች? ሰባት ወልዳ፣ ስድስቱን ድራ፣ የልጅ ልጅ አቅፋ፣ በአንዲት ግትር የተነሣ እንደ ጎዶሎ ሰው ልትቀበር! ግድ የለም፣ እኔ አለሁ። ልጄን ቦናርን ጠርቼዋለሁ። ኮቱንም ራሴ ተኩሼለታለሁ። እናቷ ፊት ቀለበት ካሰረላት ነገሩ ያልቃል» አሉ። ባልዲው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ በባታኮች ዘንድ ሞት ሁሉ እኩል አይደለም። ልጆቹን በሙሉ ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ፣ ድሮ ኩሎ፣ የልጅ ልጅ አይቶ የሞተ ሰው ሳኡር ማቱዋ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ሄደ ይባላል። ከበሮና የነሐስ ጎንግ ይመታለታል፣ ጎሽ ይጣልለታል፣ ልቅሶው ወደ ጭፈራ ይዞራል። አንድ ልጅ እንኳ ሳይዳር ከቀረበት ግን ሥራው ጎዶሎ ነው፤ አሳማ ይታረዳል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ሰው ሩዙን በልቶ ቀስ እያለ ወደየቤቱ ይሄዳል። ለአማቴ የቀረቻቸው አንዲት ላስማሪያ ነበረች። ጎሹም ቢሆን ውሳኔ ያጣ ጎሽ ነው። ከትናንት ጀምሮ የሰፈራችን መግቢያ ላይ፣ ለቀስተኛ ከላካቸው የሐዘን መግለጫ የአበባ ሰሌዳዎች ጎን፣ በጭነት መኪና ላይ ቆሟል፤ የሰፈር ሕፃናት የጎመን ቅጠል ያጎርሱታል፤ ሹፌሩ ብቅ እያለ «እናንተ ሰዎች፣ ይታረዳል ወይስ ልመልሰው? ሠላሳ ሚሊዮን ሩፒያ የሚያወጣ እንስሳ እኮ በሙቀት ሊሞትብኝ ነው!» ይላል። ማን ይመልስለት? ይህን የሚወስነው የጎሳው ጉባኤ ትናንት መቀመጥ ነበረበት፤ የአማቴ ወንድም፣ ሽማግሌው ማሮሎፕ፣ ከአገር ቤት፣ ከሐይቁ በኩል ሲመጡ ናዳ መንገድ ዘግቶባቸው አደሩ። ያለ እናት ወንድም ምንም አይወሰንም። የእናት ወንድም ቱላንግ ነው የሚባለው፤ ቱላንግ ከተናገረ በኋላ ይግባኝ የሚባለው ለእግዜር ብቻ ነው።

ላስማሪያ፣ የባሌ እህት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ዳጎስ ያለ ደሞዝ የሚከፍል የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ ቤታችን ያለውን ፍሪጅ እንኳ የገዛችው እሷ ናት። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን እራት ላይ፣ የዓሣውን እሾህ እየለቀመች ለእናቷ እያጎረሰች፣ «ሥራ ለቅቄያለሁ። ነገረ መለኮት ልማር ነው፣ ድህረ ምረቃውን። ቄስ እሆናለሁ» አለች። ባሌ ሳሀት እጁን ከሳህኑ አነሣ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ «ውሃ መጥቷል»፣ «ጋዝ አልቋል» ከመባባል አላለፉም። ማታ ማታ እሱ ዜና ያያል፤ እሷ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እኔ መሀላቸው ተቀምጬ በዝምታቸው እታፈናለሁ። ምን እንደምትማር የሚጠይቋት አማቴ ብቻ ነበሩ። እሷ ሳህን ስታጥብ እሳቸው የላስቲክ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው እያደራረቁ፣ «ዛሬስ ምን አሏችሁ?» ይላሉ። ስለ ነቢያት የሚያወሩት እንደ ጎረቤት ነበር። «ኤርምያስን ከጉድጓድ አወጡት ወይስ እስካሁን እዚያው ነው?» ብለው ይጠይቋትና መልሱን ሳይሰሙ አይተኙም።

ባለፈው ዓመት ማስተርሷን በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰች። ከዚያ የሙከራ ጊዜዋን በአንድ የዘይት ዘንባባ እርሻ ውስጥ፣ ለሠራተኞቹ እየሰበከች፣ ሕፃናቶቻቸውን እያስተማረች ስታሳልፍ ቆይታ፣ እጅ ተጭኖባት ቄስ ልትሆን ሁለት ወር ነበር የቀራት። የቤተ ክርስቲያናችን ደንብ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፦ በሙከራ ላይ ያለ ሰው እጅ እስኪጫንበት ድረስ አያገባም፣ ቀለበትም አያስርም። ያሰረ ከዕጩነት ይሰረዛል፤ መመለስ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ እዩት። ቀለበቱን ካሰረች ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ በአንድ ጠዋት ውሃ በላው። ካላሰረች እናቷ በጎዶሎ ይቀበራሉ፤ እሷም እስከ ዕለተ ሞቷ «እናቷን ያዋረደች» ትባላለች። ጎሳ ደግሞ አይረሳም። ቱላንግ እስኪደርሱ ድረስ ነበር ጊዜዋ።

መኝታ ቤት ገብቼ አገኘኋት። የሳሎኑ ዕቃ ሁሉ እዚያ ተወትፏል፤ ፍሪጁ አልጋው ላይ ተደግፏል፣ ሶፋው ሶፋ ላይ ተጭኗል፣ ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ተጀቡኖ ጥግ ይዟል። ላስማሪያ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ በሶፋውና በፍሪጁ መካከል ባለችው ስንዝር ቦታ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። አንጀቴን በላችው። «ሰምተሻል አይደል?» አልኳት። «ኤዳ፣ የእሳቸውን ሹክሹክታ ሬሳውም ሰምቶታል» አለችኝ። ኤዳ የምንባባለው እኔና እሷ ነን፤ የወንድም ሚስትና የባል እህት እንዲያ ነው የሚጠራሩት። ሳቅ አፈነን፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት። «እማን አላዋርድም፤ ግን ቄስነቱንም አልተውም። ሁለቱንም አትችይም ካሉኝ ምን ይውጠኛል?» አለች። እኔ ምን ልበላት? ሽንኩርት የነካ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ አቀፍኳት።

እንደተቃቀፍን በሩ ተበረገደና ቲዮዶር ገቡ። ቦናርን በክርኑ ይዘው እየጎተቱ ነው። ቦናር የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሃምሳ የተጠጋ፣ ዝንብ የማይነካ ሰው። ኮቱ እውነትም ተተኩሷል፤ የጥፍሮቹ ሥር ግሪስ ግን በምንም ሳሙና የሚለቅ አይደለም። የአባቷ እህት ልጅ ስለሆነ በወጋችን ከእሱ የተሻለ ባል አይገኝላትም፤ ቲዮዶርም ይህንን ያውቃሉ። «በይ እንግዲህ» አሉ፣ «ማንም አያስገድድሽም። እሺ በይ ብቻ። ሠርጉ ሲደርስ ይደርሳል፤ ዛሬ ቀለበቱ ብቻ። እናትሽ እኮ ሣጥን ውስጥ ሆና መልስሽን እየጠበቀች ነው!» አሉ። ቦናር ኮቱን እያሻሸ «ላስማሪያ፣ እኔ እንኳ… ያው እናቴ ናት፣ ታውቂያታለሽ» ብሎ ጀመረ። «አንተ ዝም በል! ማን ተናገር አለህ?» አሉት እናቱ። ምስኪን፣ ሚስት ሊያገባ መጥቶ አፉን አዘጉት።

ከሁሉ የከፋው ግን ባሌ ነው። እነሱ ሲወጡ ሳሀት ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ፍሪጁን እያየ፣ እህቱን እንዳያይ፣ «እባክሽ» አለ። ስንት ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ሆነ። «እባክሽ፣ እማን አታሳፍሪያት። እኔ የበኩር ልጇ ነኝ፤ ሰው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። የቄስነቱ ነገር ሌላ ጊዜ ይደርሳል።» ላስማሪያ ቀና አለች። «ሌላ ጊዜ የለም፣ ወንድሜ። ደንቡን ታውቀዋለህ። የት እንደምማር እንኳ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ተይው ትለኛለህ።» ሳሀት አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ከኮሌራ ይብሳል፣ አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው። ልናገረው አፌን ስከፍት ከውጭ «ቱላንግ ደረሱ! ቱላንግ ደረሱ!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ሴቶቹም ለቅሶውን እንደ አዲስ ለቀቁት።

ሽማግሌው ማሮሎፕ ቀጭን ናቸው፣ ነፋስ የሚወስዳቸው የሚመስሉ፤ ኡሎስ የሚባለውን ቡላ የወግ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጥርሳቸው በሚያኝኩት የቢንጥ ቅጠል ቀልቶ፣ ጫማቸው በናዳው ጭቃ ተለውሶ ገቡ። በእህታቸው ሣጥን ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው «በሉ፣ እንቀመጥ» አሉ። ወደ ድንኳኑ ወጣን። ድንኳኑ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል፤ የቱላንግ ወገን በክብር አንድ ጎን፣ የእኛ ጎሳ ፊት ለፊት፣ ከጎሳችን ሚስት ያገቡት፣ ማለትም አማቾቻችን፣ በሌላ ጎን። አማች እኛ ዘንድ አገልጋይ ነው፤ በድግስ ቀን ውሃ ይቀዳል፣ ሩዝ ያዞራል፣ ሳህን ያጥባል፣ ሚኒስትርም ቢሆን። ከዳር ደግሞ ለእንግዶች በተዘረጋው የላስቲክ ወንበር ላይ የላስማሪያ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ጓደኞች ቁጭ ብለዋል፤ መሀላቸው የድህረ ምረቃው ኃላፊ፣ የዕብራይስጥ መምህሯ ዶክተር ፓርሊን፣ ጥቁር ካባቸውን ለብሰው የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ተራ ይጠብቃሉ። እንግዳ ስለሆኑ አይናገሩም። ላስማሪያም አትናገርም፤ እሷ ቦታዋ ከእኔ ጋር ወጥ ቤት በር ላይ ነው። ሥጋ ድርሻ እንዳለው ሁሉ ንግግርም በእኛ ዘንድ ድርሻ አለው፤ ያላገባ ሰው ከሁለቱም የለውም። ስለ ሕይወቷ ሊወሰን፣ እሷ ሳህን ይዛ ቆማለች።

ቲዮዶር ከጎሳችን ወጥተው የተዳሩ፣ ከአማቾቹ ወገን ስለሆኑ የንግግር ድርሻ አላቸው፤ ተነሥተውም አሳመሩት። ሟቿን አሞገሱ፣ አለቀሱ፣ ጎዶሎው እንዴት እንደሚያቃጥላቸው ተናገሩ፣ ከዚያ ቦናርን አስነሥተው አሳዩ፤ ልክ ገበያ ላይ ዶሮ ገልብጦ እንደማሳየት። «ቀለበቱ ዛሬ ይታሰር፤ ጎሹ ይውረድ፤ ከበሮው ይመታ። እህታችን ሙሉ ሆና ትሂድ» ብለው ተቀመጡ። ድንኳኑ በጭብጨባ ሊፈርስ ሆነ። ሳሀት መሬት መሬት ያያል። ቱላንግ ቢንጣቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወሩና «ልጅቷስ ምን አለች?» አሉ።

«ልጅቷ የንግግር ድርሻ የላትም፣ ቱላንግ» አለ የጎሳችን አፈ ጉባኤ፣ ጎንበስ ብሎ።

«እኔስ አለኝ?»

«የእርስዎማ ከሁላችን ይበልጣል!»

«እንግዲያው የራሴ ድርሻ ነው። ሥጋዬን ለድመት ብሰጥ ማን ይቆጣኛል? ንግግሬን ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ። ላስማሪያ! ሳህኑን አስቀምጪና ነይ።»

ሳህኑን ከእጇ የቀማኋት እኔ ነኝ። እጇ እንደረጠበ መሀል ገብታ ቆመች። አስተማሪ ናት፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ሁሉም ሰማት። «ቦናር ደግ ሰው ነው። የሚያፍርበት ነገር የለም። ቀለበቱን ግን አላስርም። እኔ ተድሬያለሁ» አለች።

ኧረ ጉድ! ድንኳኑ ተናወጠ። «ተዳርኩ አልሽ? መቼ? ለየትኛው ወንድ?» ብለው ቲዮዶር ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ላስማሪያም ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቃ ነገረቻቸው። «እናንተ ሁላችሁ ባላችሁበት ነው። ትምህርት ልጀምር ስል እማ አሳማ አርዳ ጠርታችሁ የለ? ከዚያ ቀደም ብሎ ሳህን ስናጥብ፣ ለመግቢያ ፈተና ያነበብኩትን እነግራት ነበር። በሙሴ ዘመን አንድ ነገድ ለመቅደሱ አገልግሎት እንደተሰጠ፣ ርስት እንዳልነበረው፣ ድርሻውም ከመሥዋዕቱ ሥጋ ተለይቶ፣ ወርቹ፣ ጉንጩ፣ ጨጓራው ሳይቀር ተቆጥሮ ይሰጠው እንደነበር ስነግራት ሳህኑን አስቀመጠችና ‹እንዴ! ይሄማ የእኛ ወግ ነው። የተሰጠ ልጅ ሥጋ ይከፈልለታል› አለች። በማግሥቱ አራጁን ቁጭ አድርጋ፣ ሴት ልጅ ስትዳር በሚከፈለው አከፋፈል ሥጋውን አስከፋፈለችው። ‹አሮጊቷ ተሳሳቱ፤ የትምህርቱ ግብዣ ሠርግ መሰላቸው› ብላችሁ ሳቃችሁ። እሷ ግን አልተሳሳተችም። ልጇን እየሰጠች ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ዳረችኝ። እናንተም ድርሻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ፤ በላችሁ።»

እኔም ነበርኩ እኮ! ወዲያው ትዝ አለኝ። ሥጋው በጥቁር ፌስታል እየተቋጠረ ሲታደል፣ አራጁ ራሱን እየነቀነቀ «እማማ፣ ይሄ እኮ የሠርግ ነው» ሲላቸው፣ አማቴ «አንተ ቁረጥ!» ብለው ሲቆጡት። ሰው ሽማግሌ ላለማሳፈር ዝም ብሎ ተቀበለ። የእናት ወንድም በእህት ልጅ ሠርግ ብቻ የሚበላው ብልት ደግሞ በአውቶቡስ ወደ ሐይቁ ተላከ። ወጋችን አንድ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም፦ ድርሻውን የበላ መስክሯል። ኋላ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አይባልም።

«አሮጊት ተሳስታ ነው!» አሉ ቲዮዶር። «ነፍሷን ይማረው፣ ዕድሜ ነው፣ ተምታቶባት…»

«ማን ነው የተምታታበት?» አሉ ቱላንግ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን አጥንት ይገባል። ተነሡ። «እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ የሥጋ ድርሻ ስታዝ አንዲት ብልት ተሳስታ አታውቅም። ያ ድርሻ ሲደርሰኝ እኔም እንደ እናንተ ነው ያሰብኩት። አረጀችብኝ ብዬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ በላሁት።» እንባቸው መጣ፤ ሳቃቸውም አብሮ መጣ። «ሞኙ እኔ ነበርኩ! እህቴ ልጇን ድራ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ከሁላችን ቀድማ አውቃው ነበር። እኔ የላስማሪያን የመዳሪያ ድርሻ በልቻለሁ። ደግሜ አልበላም። አንድ ልጅ ሁለቴ አትዳርም!»

ከዚያ የጎሳችን አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና «እኔም ጎድኑን ወስጃለሁ» አለ። «እኔ ሽንጡን» አለ ሌላው። «እኛ ወርቹን ለሦስት ተካፍለናል፤ ሚስቴ ትመስክር።» «ለእኛ አንገቱ ነው የደረሰን፣ ያውም ስብ አልነበረውም!» አለች አንዲት ሴት፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም የበላውን ይናዘዝ ጀመር፣ ድንኳኑ የቄራ ጉባኤ መሰለ። ቲዮዶር ብቻ ከንፈራቸውን ጥብቅ አድርገው ዝም አሉ። ይሄኔ ቦናር፣ ያ አፉን ያዘጉት ቦናር፣ ቀስ ብሎ ተነሣና ኮቱን አወለቀ። «እናቴ፣ እኛም በልተናል። አንቺ ነሽ የሠራሽው፤ ሁለት ሳህን ነው የበላሁት። ጣፍጦኝ ነበር» አለና ተቀመጠ። እሰይ ቦናር! ብዬ ወጥ ቤት በር ላይ ሆኜ ጮህኩ፤ ማን ምን ይለኛል ሳልል።

ሳሀት ግን የሳቀ አልመሰለኝም። ከቦታው ተነሥቶ ሕዝቡ ሁሉ እያየው እህቱ ፊት ሄዶ ቆመ። «የበኩር ልጇ ነኝ፤ ትልቁን ድርሻ የበላሁት እኔ ነኝ። ዝም ብዬሽ ኖርኩ። ይቅር በይኝ» አላት። ላስማሪያ ትከሻውን ይዛ ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች። እኔ እንባዬን በሽንኩርቱ አሳበብኩ።

ቲዮዶር ግን በቀላሉ የሚሸነፉ አይደሉም፤ እንኳን እሳቸው ጥላቸውም አይሸነፍም። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መሀል ገቡ። «እሺ! ተዳረች እንበል። በልተናልም እንበል። ታዲያ አማቾቹ የታሉ? ልጅ የወሰደ ወገን በሐዘናችን ቀን መጥቶ ውሃ ይቀዳል፣ ሩዝ ያዞራል፣ ሳህን ያጥባል። ቤተ ክርስቲያን ወሰደቻት አይደል? ሳህን የሚያጥብልኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው አሳዩኝ! አማች የሌለው ሠርግ የት አገር ታየ?» አሉ። እውነት ነው፤ የሚያሳስብ ነገር ነው። ልጅ ወስዶ የማያገለግል ወገን ከሌባ አይለይም፤ የማያገለግል አማች ካለ ደግሞ መዳሩ ፈረሰ ማለት ነው። ቱላንግ እንኳ ቢንጣቸውን ማኘክ አቆሙ። ሳሀት የላስማሪያን እጅ ያዘ። እኔም ይህቺ ሴትዮ በመጨረሻ ልታሸንፍ ነው ብዬ ቀልቤ ተገፈፈ።

ከዳር የላስቲክ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ዶክተር ፓርሊን ተነሡ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ፣ መጻሕፍት የጻፉ፣ ጳጳሳት ሲያይዋቸው ወንበር የሚለቁላቸው። ጥቁር ካባቸውን ከላይ እስከ ታች ቁልፍ በቁልፍ ፈቱ፣ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቀለሉ። ከዚያ ቲዮዶር ፊት ሄደው ወገባቸውን እስኪያማቸው ጎንበስ አሉ። «ዘግይተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉ። «ልጅ ወስዶ ወግ ሳያደርሱ መቅረት ነውር ነው። ወጥ ቤቱ በየት በኩል ነው?»

ያን ጊዜ የተሰማውን ዕልልታ ልነግራችሁ አልችልም። ከጓደኞቿ አንዱ ካባውን አወለቀ፣ ሌላዋ ቀሚሷን ጠቀለለች፣ ሁሉም ተነሡ፤ የነገረ መለኮት ድህረ ምረቃ በሙሉ ወደ ወጥ ቤቴ ተመመ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው። ጠዋት ሲመጡ «ዶክተር፣ ደህና አደሩ፣ ቁጭ ይበሉ» ብያቸው ነበር። አሁን ግን አማች ሆነ፤ አማች ደግሞ አንተ ነው። ሽርጤን ከወገቤ ፈትቼ ሆዱ ላይ አሰርኩለት፤ ክሩ ዞሮ አልደርስ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። «እንኳን ደህና መጣህ፣ አማቻችን! ያንን የሩዝ ድስት አንሣ። በሁለት እጅህ! መጽሐፍ አይደለም፣ ይከብዳል!» አልኩት። «እሺ፣ እመቤቴ» ብሎ አነሣው፤ ቀይ ሆነ፣ አላበው፣ ግን አልጣለውም።

ውጭ ሳሀት የሰፈሩን መግቢያ እያየ በሁለት እጁ አፉን ከቦ «አውርደው!» ሲል ሰማሁት። ሹፌሩ «ተመስገን!» ብሎ የመኪናውን መዝጊያ ጣለው፤ ጎሹ እየተንደረደረ ወረደ፤ ሕፃናቱ ጮሁ። ከበሮዎቹ ከጨርቃቸው ወጡ፣ ጎንጉ ተመታ፣ የሸምበቆው ዋሽንት አለቀሰ። ቱላንግ ቀይ ኡሎስ ዘርግተው በእህታቸው ላይ አለበሱ፤ ሥራዋን ለጨረሰች ሴት የሚለበሰውን። ከዚያ መዳፋቸውን ገጥመው፣ ጉልበታቸውን ቀስ ቀስ እያጠፉ፣ ሣጥኑን እየዞሩ መጨፈር ጀመሩ፤ ከኋላቸው ላስማሪያ፣ ከእሷ ኋላ ሳሀት። ላስማሪያ እያለቀሰች ትጨፍራለች፣ እየጨፈረች ትስቃለች። ከሁለት ወር በኋላ ቄስ ትሆናለች፤ እናቷም ሙሉ ሆነው ይሄዳሉ። እኔ እዚያው ወጥ ቤት በር ላይ፣ ጭልፋ በእጄ እንደያዝኩ፣ እግሬ አላስቆም ብሎኝ ጨፈርኩ።

ምሳው ቀረበ። በድንኳኑ ውስጥ የዕብራይስጡ ሊቅ ሩዝ ያዞራል፣ ቅኔ የሚጽፈው ተማሪ ውሃ ያድላል፣ ስብከት በማሳመር የታወቀችው ልጅ የቆሸሸ ሳህን ትለቅማለች። ሰዉ እያየ ይስቃል፣ እየሳቀ ያመሰግናል። ቲዮዶር ሳህናቸውን ባዶውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሩቁን እያዩ ተቀምጠዋል። ማንም ደፍሮ አልቀረባቸውም፤ እኔም ብሆን ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሳመነታ ነበር። ዶክተሩ በአጠገባቸው አልፎ ሄደ። ሁለተኛም አለፈ። በሦስተኛው አላስቻላቸውም፤ ሳህኑን ከፍ አድርገው፣ እስከ ዋናው መንገድ በሚሰማው ድምፃቸው ጮሁ።

«ኧረ አንተ አማች! ዓይንህ የት ነው ያለው? እዚህ ሩዝ አልደረሰንም!»